ሲዲ ፎሩ ሌላ፣ ቫይራል ሎዱ ሌላ

የዛሬው ዝግጅት ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ለክትትል በሄዱ ቁጥር ስለሚሰሟቸው ሁለት ቁጥሮች ነው።

በጎንደርና በአካባቢዋ፣ ከማራኪ እስከ አዘዞ፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሁሉ ሲዲ ፎርና ቫይራል ሎድ የሚሉ ስሞችን ሳይሰማ አይቀርም። ስሞቹ በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠሩ ብዙ ሰው አንድ ነገር ይመስሉታል። አንዱ «ሲዲ ፎሬ 600 ነው፣ እኔ ምን እሆናለሁ!» ብሎ ኪኒኑን አንድ ቀን ይውጣል፣ አንድ ቀን ይተዋል። ሌላዋ ደግሞ «ቫይረሱ አይታይም ተብዬ ሲዲ ፎሬ 150 ላይ ቀረ፤ መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብላ ተስፋ ትቆርጣለች። የሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው። የተሳሳቱት ቁጥሩን ሲያነቡት ነው።

ሲዲ ፎር ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ወገን ነው። ሰውነት ውስጥ ጀርም ሲገባ ሌሎቹን የመከላከያ ሕዋሳት የሚቀሰቅሰውና የሚያስተባብረው እሱ ነው። ኤች አይ ቪ ደግሞ ለመራባት የሚመርጠው ይህንኑ ሕዋስ ነው። ልኬቱ የሚነገረው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺህኛ ውስጥ ነው። በዓለም ላይ የተለመደው መመዘኛ ጤነኛ አዋቂ ከ500 እስከ 1500 ይኖረዋል ይላል። ይህ መመዘኛ ለኢትዮጵያዊ ምን ያህል እንደሚሠራ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ቫይራል ሎድ የሚቆጥረው ቫይረሱን ራሱን ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ የቫይረሱ ዘረ መል ስንት ቅጂ እንደተገኘ ይነግራል። ነርሷ ደሙን የምትቀዳው ክዳኗ ወይን ጠጅ ቀለም ባላት ቱቦ ነው፤ ቱቦዋ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ቅመም አለ። ከዚያ ቱቦዋ በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ትገባለች። ስትወጣ ቀዩ ከታች ዘቅጦ ከላይ የገለባ ቀለም ያለው ፈሳሽ ይቀራል። ፕላዝማ የሚባለው ይህ ነው። ደሙ በተቀዳ በ24 ሰዓት ውስጥ መለየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ በቅዝቃዜ ተጠብቆ መመርመሪያው ማሽን ወዳለበት ላብራቶሪ ይጓዛል። ማሽኑ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ናሙናውን የሚያጓጉዘው ብዙ ጊዜ ፖስታ ቤት ነው። ደብዳቤ ሲያመላልስ የኖረው የኢትዮጵያ ፖስታ በዚህ ዘመን በበረዶ ሣጥን ደም ይዞ አቀበት ቁልቁለቱን ይወጣል ይወርዳል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ውጤቱም አብሮ ይዘገያል።

የሁለቱን ቁጥሮች ዝምድና ለመረዳት ከቫይረሱ መነሣት ይሻላል።

ኤች አይ ቪ ሰውነት ውስጥ በገባ በሁለትና በአራት ሳምንት መካከል ብዙ ሰው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የሰውነት መቆራረጥ ይሰማዋል። ጉንፋን ነው፣ ምች ነው፣ ወባ ነው ተብሎ ይታለፋል። በዚያ ሰሞን ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ ያለው ቫይረስ ሚሊዮኖች ሊደርስ ይችላል፤ ሲዲ ፎሩም በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ሰውነት ይታገላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ቫይረሱ ዝቅ ብሎ አንድ ከፍታ ላይ ይረጋል፣ ሲዲ ፎሩም በከፊል ያገግማል። ያ የረጋበት ከፍታ ከሰው ሰው ይለያያል፤ በአንዱ 2 ሺህ፣ በሌላው 100 ሺህ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ዝም ያሉ ናቸው። መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ኤድስ ደረጃ እስኪደርስ በአማካይ ከ8 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። በእነዚያ ዓመታት ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይድራል ይኳላል፤ ውስጡን ግን ሲዲ ፎሩ በየዓመቱ በአማካይ ከ50 እስከ 100 እየቀነሰ ይሄዳል።

ቀድሞ ሐኪሞች በዚህ ዝምታ ወቅት ቫይረሱ የተኛ ይመስላቸው ነበር። ይህን አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 የወጡ የዴቪድ ሆ፣ የጆርጅ ሾውና የአለን ፔረልሰን ጥናቶች ገለበጡት። መድኃኒት ተሰጥቶ ቫይረሱ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ሲለኩ፣ ሰውነት ውስጥ በቀን 10 ቢሊዮን ገደማ አዳዲስ ቫይረሶች እንደሚመረቱና እንደሚወገዱ ታወቀ። ዝምታው ከላይ ብቻ ነበር።

በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ጆን ሜለርስና ባልደረቦቻቸው ደማቸው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በበረዶ ተቀምጦ የቆየ የ1604 ወንዶችን መዝገብ ተመለከቱ። የዛሬው መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ማን ቶሎ እንደታመመ፣ ማን እንደቆየ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ውጤት ዛሬም የሚጠቀስ ነው። ቫይራል ሎዳቸው ከ500 ካልበለጠው መካከል በ6 ዓመት ውስጥ ኤድስ ደረጃ የደረሱት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ30 ሺህ በላይ ከነበራቸው ግን 80 በመቶው ደርሰዋል። ሲዲ ፎሩ አብሮ ሲታይ ደግሞ ትንበያው ይበልጥ ይጠራል።

የቫይረስ ተመራማሪው ጆን ኮፊን ነገሩን ወደ አደጋ በሚገሰግስ ባቡር መስለውት ነበር። ባቡር ለጎንደር ሰው ሩቅ ነው፤ ሊማሊሞ ግን ቅርብ ነው። ከደባርቅ ወጥቶ ቁልቁለቱን የጀመረ፣ ፍሬኑ የላላ አይሱዙ ይታሰብ። ቫይራል ሎድ አይሱዙው የሚወርድበት ፍጥነት ነው። ሲዲ ፎር እስከ ገደሉ የቀረው መንገድ ነው። መንገድ ገና ብዙ የቀረው ግን የሚበር መኪና አለ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሶ ፍሬን የያዘም አለ። መድኃኒቱ ፍሬኑን ያስይዛል። የተወረደውን መንገድ መልሶ መውጣት ግን የሰውነት ሥራ ነው፣ ጊዜም ይጠይቃል።

ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት መድኃኒት ያልጀመሩ ሰዎችን አንድ በአንድ ሲያይ፣ የመነሻ ቫይራል ሎዳቸው ሲዲ ፎራቸው በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ ያለውን ልዩነት ሊያብራራ የቻለው ከ4 እስከ 6 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሰዎችን በጅምላ ሲያዩ ትንበያው ይሠራል፤ አንድን ሰው ነጥሎ «አንተ በዚህ ዓመት ይህን ያህል ይቀንስብሃል» ለማለት ግን ቫይራል ሎድ ብቻውን አይበቃም። ከዚህም የሚገርመው የሕዋሳቱ አሟሟት ነው። በካሊፎርኒያ የዋርነር ግሪን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ እንዳሳየው፣ በእጢዎች ውስጥ ከሚያልቁት ሲዲ ፎር ሕዋሳት አብዛኞቹ ቫይረሱ በቅጡ የተራባባቸው አይደሉም። ቫይረሱ ገብቶባቸው መራባት ሳይሳካለት የቀረባቸው፣ በዚያው የተነሣ እብጠት ቀስቅሰው ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው። ጉዳቱን የሚያባብሰው የቫይረሱ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ የመከላከያ ሥርዓቱ ሌት ተቀን ተነሣስቶ እረፍት ማጣቱም ነው።

የኢትዮጵያውያን ደም የራሱን ታሪክ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂ ፋብሪካና የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተለ። ተመራማሪዎቹን መጀመሪያ ግራ ያጋባቸው የታመሙት ሳይሆኑ ጤነኞቹ ነበሩ። ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን አማካይ ሲዲ ፎር 800 አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ የኔዘርላንድስ ጤነኞች ግን ወደ 1000 ይጠጋ ነበር። አንዳንዱ ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ከ500 በታች ነበረው። ገና ያልተነኩት አዳዲስ ሕዋሳት ጥቂት፣ የተነሣሡት ደግሞ ብዙ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ጥያቄው ቀላል አልነበረም። መነሻው ዝቅ ያለ ሰው ቫይረሱ ሲይዘው ቶሎ ይወድቃል ማለት ነው? ያሬድ መኮንንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 መልሱን አሳተሙ፤ ከመያዛቸው በፊት ሲዲ ፎራቸው ዝቅ ያለ የፋብሪካ ሠራተኞች በዚያ ምክንያት በሽታው አልፈጠነባቸውም። በዚህ ዝግጅት አቅራቢ ግምት፣ ከአቃቂና ከወንጂ ከወጣው ሁሉ ለተራው ሰው የሚጠቅመው ይህ ነው። ሲዲ ፎሩ 450 የሆነ የወገራ ገበሬ 900 ካለው የአምስተርዳም ነዋሪ ጋር ራሱን አነጻጽሮ ግማሽ ሞቻለሁ ማለት የለበትም። ከራሱ ከትናንቱ ጋር ነው መነጻጸር ያለበት።

የሕዋሳቱ መነሣሣትስ ከየት መጣ? አንዱ ተጠርጣሪ የሆድ ትል ነው። በእስራኤል ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን ሲመረምሩ፣ አዲስ ገቢዎቹ የመከላከያ ሥርዓታቸው በጣም የተነሣሣ ሆኖ አገኙት፤ ትልም በብዛት ነበረባቸው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከጎንደርና ከሰሜን ተራሮች መንደሮች የሄዱ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዳዊት ወልዳይና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 የትል መድኃኒት ወስደው ትሉ በወጣላቸው ሰዎች ላይ ቫይራል ሎዱ ቀነስ ማለቱን ጻፉ። በሌላ አገር የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ አልተስማሙበትም፤ የትል ኪኒን የኤች አይ ቪ መድኃኒትን እንደማይተካም ግልጽ ነው።

ሲዲ ፎር በሚወርድበት ቁልቁለት ላይ ምን ይገጥማል? ቲቢ በማንኛውም ከፍታ ይመጣል፤ ሲዲ ፎር እስኪወርድ አይጠብቅም። አልማዝ ባለጭራ እንዲሁ ገና በደህናው ጊዜ ብቅ ሊል ይችላል፤ ወጣት ሰው ላይ በአንድ ጎኑ ቀበቶ መስሎ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣ ሐኪም የኤች አይ ቪ ምርመራ የሚያዘው ለዚህ ነው። ከ200 በታች ሲወርድ የከፋ የሳንባ ምች ይከተላል፣ የአፍና የጉሮሮ ፈንገስም ይበረታል። ከ100 በታች ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ፈንገስ አንጎል ሽፋን ላይ ደርሶ የማጅራት ገትር ያመጣል፤ የሚጀምረው በማይለቅ ራስ ምታት ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሲዲ ፎር በተፈጥሮው ከፍ ያለና የሚዋዥቅ ስለሆነ፣ ለእነሱ ከቁጥሩ ይልቅ በመቶኛው መመዘን የተለመደ ነው።

በአገራችን የሲዲ ፎር ቁጥር ለረጅም ጊዜ ወረፋ አስጠባቂ ነበር። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በነፃ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ምልክት ላልታየበት ሰው መስፈርቱ 200 ነበር። 260 ያለው ሰው «ገና ነህ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» ይባላል። ከሩቅ ገጠር በእግር መጥቶ ይህን ሰምቶ የተመለሰ ሰው ቀጥሎ የሚታየው አንዳንዴ በቃሬዛ ነበር። ከዚያ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መስመሩ ወደ 350፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 500 ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ስታርት የተባለው ጥናት ውጤት ወጣ፤ በ35 አገሮች ሲዲ ፎራቸው ከ500 በላይ የሆነ 4685 ሰዎች ተሳትፈው፣ ወዲያውኑ የጀመሩት ሲዲ ፎራቸው እስኪወርድ ከጠበቁት ይልቅ ለከባድ ሕመምና ለሞት የነበራቸው ዕድል በ57 በመቶ ያነሰ ሆነ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ጠፋ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረመረና ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ እንዲጀምር ወሰነች።

አሁን ሲዲ ፎር የሚጠየቀው በዋናነት ለሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ የተመረመረ ወይም አቋርጦ የተመለሰ ሰው ከ200 በታች ከሆነ በሽታው ገፍቷል ማለት ነውና፣ ለክሪፕቶኮከስ የደም ምርመራ፣ ለቲቢ የሽንት ምርመራና መከላከያ መድኃኒት ይታሰብለታል። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን የሚናገረው ግን ቫይራል ሎድ ነው።

ምክንያቱ ፍጥነቱ ነው። ዶሉቴግራቪር ያለበትን የአሁኑን ኪኒን በየቀኑ የሚውጥ ሰው ቫይራል ሎዱ በሳምንታት ውስጥ ይወድቃል፤ ብዙዎቹ በሦስት ወር አካባቢ ከ50 በታች ይደርሳሉ። ሲዲ ፎር ግን ቀስ ይላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ50 እስከ 150 ይጨምራል፣ ከዚያም ይዘገያል። 40 ላይ የጀመረ ሰው ከዓመት በኋላ 150 ቢደርስ መድኃኒቱ ሠርቶለታል። በተቃራኒው መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ቫይረሱ በሳምንታት ይመለሳል፤ ሲዲ ፎሩ ግን ለወራት ከፍ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። መግቢያ ላይ የተነሣው ባለ 600 ሰውዬ የተሸወደው በዚህ ነው። ሲዲ ፎር በዚያ ላይ በጠዋትና በከሰዓት፣ በጉንፋን፣ በእርግዝና ከፍ ዝቅ ይላል፤ በአንድ ውጤት መደናገጥም መፈንጠዝም አይገባም።

ቫይራል ሎድ መድኃኒት በተጀመረ በስድስተኛው ወር፣ ከዚያ በዓመቱ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይለካል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከዚህ ቶሎ ቶሎ ትመረመራለች። የውጤት ወረቀቱ ላይ «ታርጌት ኖት ዲቴክትድ» የሚል ጽሑፍ ካለ ማሽኑ ቫይረሱን አላገኘውም ማለት ነው። ጠፍቷል ማለት ግን አይደለም፤ በተኙ ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር መድኃኒቱ ይቀጥላል። ይህን ውጤት ይዞ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው አንዳቸው የሌለባቸው ጥንዶች ለዓመታት ተጠንተው፣ ቫይረሱ ከማይታይበት ሰው ወደ ትዳር ጓደኛው የተላለፈበት አንድም አጋጣሚ አልተገኘም። ቫይራል ሎዱ ከ1000 በላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ኪኒኑ እንዴት እንደሚዋጥ ነው። የተረሱ ቀናት አሉ? በጾም ወቅት ይታለፋል? የአሁኑ ኪኒን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ጾም እንቅፋት አይሆንም። ለደም ማነስ የሚሰጥ ብረት ወይም ካልሲየም አብሮ ይዋጣል? እነዚህ በባዶ ሆድ ከዶሉቴግራቪር ጋር ባንድ ጊዜ ሲዋጡ ኃይሉን ይቀንሱታል። ምክር ይሰጣል፣ ከወራት በኋላ ምርመራው ይደገማል፤ አሁንም ካልወረደ ቫይረሱ መድኃኒቱን መልመዱ ይጠረጠራል።

ሁለቱ ቁጥሮች ይበልጥ የሚለያዩበት በሽታ ግን ደጃችን ላይ ያለው ካላዛር ነው። በየዓመቱ ከደጋው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። ሌሊቱን ዋልካ መሬት ላይ፣ ግራር ሥር፣ ያለ አጎበር ያድራል፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች። ካላዛር የሚያጠቃው ኤች አይ ቪ የሚያዳክመውን ያንኑ መከላከያ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ይህ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ሁለቱ በሽታዎች በብዛት አብረው ከሚታዩባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል የኛሰው ታከለና ባልደረቦቻቸው ሕሙማንን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2022 እንደዘገቡት፣ ካላዛርና ኤች አይ ቪ አብረው ካሉባቸው ሰዎች በጥናቱ ማብቂያ 78.1 በመቶው ካላዛሩ ተመልሶባቸዋል፤ ኤች አይ ቪ ከሌለባቸው ግን አንድም አልተመለሰበትም። ከመመለሱ ጋር ከተያያዙት ሦስት ምልክቶች አንዱ ዝቅ እንዳለ የሚቀር ሲዲ ፎር ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው እንኳ የካላዛሩ ተውሳክ ጉበቱና ጣፊያው ውስጥ ካለ ሲዲ ፎሩ ማንሰራራት ይከብደዋል። እዚህ ላይ ቫይራል ሎድ ብቻ አይቶ «ደህና ነህ» ማለት አይቻልም።

ሕክምናውም ከዚሁ አካባቢ ተሻሽሏል። በጎንደርና በአብዱራፊ የተደረገ ጥናት በደም ሥር የሚሰጠው አምቢሶምና የሚዋጠው ሚልቴፎሲን ተጣምረው የተሻለ እንደሚሠሩ አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ ለምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን መከረ። በሌላ ጥናት ደግሞ ኤርምያስ ዲሮና ባልደረቦቻቸው ካላዛሩ እንዳይመለስ ፔንታሚዲን የተባለ መድኃኒት በየወሩ ለአንድ ዓመት ሰጥተው፣ ሲዲ ፎሩ ከ200 ላልበለጠው እስከ 18 ወር አራዝመውታል። ከመተማ ተመልሶ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ የከሳና በግራ በኩል ጣፊያው ያበጠ ሰው የካላዛርና የኤች አይ ቪ ምርመራ አብሮ ይደረግለታል። ሁለቱም ከተገኙበት ሲዲ ፎሩ በመጀመሪያው ቀን ይለካል፣ ፔንታሚዲኑ በሚሰጥበት ወቅትም እየተደጋገመ ይታያል።